ሁለት ደመወዝ፣ አንድ ጎጆ

ልጄ፣ አንተ መንገድ ሥራ ላይ መሐንዲስ ነህ፤ ሚስትህ ባንክ ውስጥ ኦዲተር ናት። አንተ ሳይት ስትወጣ እሷ ከተማ ትቀራለች፤ እሷ የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ልትመረምር ስትሄድ ደግሞ አንተ ባዶ ቤት ትገባለህ። ሁለታችሁም ሥራችሁን ትወዳላችሁ፤ እሰየው። አንድ ቀን ግን መጣላታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚላችሁን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ «አንዳችሁ ዝቅ በሉ» ይሏችኋል። ማን ዝቅ ይበል የሚለውን በአፋቸው አይናገሩትም፤ ሁሉም ግን ዞር ብለው ሚስትህን ያያሉ። እኔ አክስትህ ያ ቀን ሳይመጣ ሌላ ነገር ልንገርህ።

ምክሬን የማስደግፈው በአሜሪካ ፊልም ነው፤ አትሳቅብኝ። እኔና አጎትህ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም እንወዳለን። ከሁሉ ይበልጥ የተጨቃጨቅንበት እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው «ውመን ኦፍ ዘ ይር» ነው፤ «የዓመቷ ሴት» እንበለው። ኤም.ጂ.ኤም. ሠርቶታል፣ ጆርጅ ስቲቨንስ አዘጋጅቶታል፣ ካትሪን ሄፕበርንና ስፔንሰር ትሬሲ ተጫውተውበታል፤ ድርሰቱም ኦስካር ተሸልሟል። ቴስ ሃርዲንግ በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ስለ ዓለም ፖለቲካ የምትጽፍ፣ ትልልቅ ሰዎች ደጋግመው የሚደውሉላት ሴት ናት። ሳም ክሬግ እዚያው ጋዜጣ ላይ ስለ ስፖርት ይጽፋል። ይጣላሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ፤ ከዚያ ሥራቸው ተከትሏቸው ቤት ይገባል። ይህ ፊልም አንዳንድ ቦታ ላይ ከኛ ሽማግሎች ይበልጣል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከነሱ ብሶ ይገኛል። ሁለቱንም እያየን እንሂድ።

1. የሥራ ሜዳዋን ሄደህ እየው

ቴስና ሳም የተጣሉት በቤዝቦል ነው። እሷ «ዓለም ጦርነት ላይ ነው፤ ጨዋታው እስከዚያ ይቁም» ብላ በሬዲዮ ተናገረች። እሱ በዓምዱ መለሰላት፤ እሷም በዓምዷ ደገመችለት። አለቃቸው ጠርቶ አስታረቃቸው። ከዚያ ሳም ያደረገውን እወድለታለሁ፤ ክርክሩን ትቶ ስታዲየም ወሰዳት። ሴት በማይቀመጥበት የጋዜጠኞች ስፍራ አስቀመጣት። ሰፊ ባርኔጣዋን ደፍታ ከኋላ ያሉትን ሰዎች እየጋረደች፣ ያኛው ለምን ሮጠ፣ ይሄኛው ለምን ወጣ እያለች ትጠይቃለች፤ እሱም አንድ በአንድ ያስረዳታል። ፍቅራቸው የጀመረው እዚያ ወንበር ላይ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ተራው የሷ ሲሆን ግን ነገሩ ተበላሸ። ሳም ቤቷ ሲመጣ ሳሎኑ በየቋንቋው በሚነጋገሩ እንግዶች ተሞልቷል። የሚያናግረው ሰው አጥቶ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይንከራተታል። እሷ እጁን ይዛ ይህ እገሌ ነው፣ የመጣበት ጉዳይ ይህ ነው ብላ አላስረዳችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። እሷ የሱን ሜዳ አየች፤ እሱ ግን የሷን ሳያይ አገባት።

አንተ እንዲህ አትሁን። የቅርብ አለቃዋን ስም እወቅ። የሩብ ዓመት ሒሳብ መዝጊያው መቼ እንደሆነ፣ በዚያ ሳምንት ለምን እንደምትነጫነጭ እወቅ። «እንዴት ዋልሽ?» ብለሃት «ደህና» ካለችህ እዚያ ላይ አትቁም፤ «ያ የጠፋ ሰነድ ተገኘ?» በላት። እሷንም አንድ ቀን ሳይት ውሰዳት። አቧራው ልብሷ ላይ ይቀመጥ፤ ስልክህ ለምን ቶሎ እንደማይነሳ ያን ጊዜ ይገባታል።

2. የተዘጋ ሰዓት ይኑራችሁ

ቴስና ሳም በጥድፊያ ተጋቡ። የሠርጉ ሌሊት ገና ሳይጀመር ዶክተር ሉቤክ የሚባል፣ ከናዚዎች እጅ ያመለጠ የዩጎዝላቪያ ፖለቲከኛ ከች አለ። ቴስ ሙሽራነቷን ረስታ የጦርነቱን ወሬ ያዘች። ሳምስ? የመጠጥ ቤት ጓደኞቹን ጠርቶ ቤቱን እሱም በበኩሉ ሞላው። ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ልብ በል፤ ሳም በዚያች ሌሊት «እንግዶቹ ይሂዱልን» አላለም። አጸፋ መለሰ እንጂ።

ሁለት ሥራ ባለበት ቤት አጸፋ እጅግ ቀላል ነው። እሷ ቅዳሜን ቢሮ ብትውል፣ አንተ እሁድን «ሳይት ላይ ችግር አለ» ብለህ ትወጣለህ። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ ድምፅ አልተሰማም፤ ሁለታችሁ ግን ሰንበትን ቀብራችኋል። ስለዚህ ከእራት እስከ መኝታ ያለው ሰዓት ይሁን፣ ወይም የእሁድ ከሰዓት፣ አንድ ሰዓት ምረጡና ዝጉት። ያን ሰዓት ሊሰብሩ የሚችሉ ነገሮችን አብራችሁ ዘርዝሩ። ሕመም ይግባ፣ ሞት ይግባ፣ ሳይት ላይ የደረሰ አደጋ ይግባ። የአለቃ ስልክ ይግባ አይግባ የሚለውን ግን ሁለታችሁ ተስማሙበት፤ ለሷ አለቃ ከተፈቀደ ላንተም አለቃ ይፈቀዳል።

3. የሁለታችሁን ጉዳይ ብቻህን አትወስን

ከምክሮችሽ አንዱን ብቻ ምረጪልኝ ብትለኝ ይህን እመርጥልሃለሁ።

አንድ ቀን ቴስ ባሏን ልጅ ቢኖረን ምን ይመስልሃል ትለዋለች። ሳም ያረገዘች መስሎት በደስታ የሚሆነውን ያጣል። ለካ ልጁ ቀድሞ መጥቷል። ክሪስ ይባላል፤ ቴስ በምትሠራበት ኮሚቴ በኩል የተገኘ የግሪክ ስደተኛ ሕፃን ነው። ሥራው ጽድቅ ነው፤ ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግን ማን ይነቅፋል? የሳም ፊት ግን እንዴት እንደሚለወጥ እየው። ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ ኋላ ከማንም ይልቅ ለልጁ የሚሳሳው እሱ ነው። ያስከፋው አባት ሲያደርጉት አለመጠየቁ ነው።

ከዚያ ቴስ «የዓመቷ ሴት» ተብላ ልትሸለም ነው። ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ሳም ልጁን ማን ይጠብቀዋል ብሎ ይጠይቃል። ማንም የለም። እሷ ይተኛል፣ ምን ይሆናል ባይ ናት፤ እሱ አልሄድም ብሎ ይቀራል። እሷ መድረክ ላይ ስትመሰገን ሳም ክሪስን ይዞ ወደመጣበት የሕፃናት ማሳደጊያ ይመልሰዋል። በኋላ ቴስ ልታመጣው ትሄዳለች፤ ልጁ ግን ከጓደኞቹ ተነጥሎ ከሷ ጋር መመለስ አይፈልግም።

እዚህ ላይ ተመልካቹ ሁሉ በቴስ ይፈርዳል፤ ፊልሙም እንድንፈርድባት ይፈልጋል። እኔና አጎትህ የምንጨቃጨቀው እዚህ ቦታ ላይ ነው። እሳቸው «ሳም ምን ያድርግ? ሕፃን ብቻውን ይደር?» ይላሉ። እቤት መቅረቱን እኔም አመሰግናለሁ። ግን ቴስ ሳትጠይቀው ልጅ አመጣች፤ ሳም ሳይጠይቃት ልጅ መለሰ። እሷ በጥድፊያ ወሰነች፣ እሱ በብስጭት ወሰነ፤ በደሉ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ ይህን አላዘዛቸውም። ጋዜጣው ልጅ አምጡ አላለም፣ ልጅ መልሱም አላለም። ዕዳውን የከፈለው ግን በመሃል የተገኘው ሕፃን ነው።

በኛ ቤት የክሪስን ቦታ የሚይዝ ነገር ሞልቷል። ከገጠር መጥታ አንተ ዘንድ እንድትማር ቃል የገባህላት የአጎት ልጅ አለች። ለጓደኛ የፈረምከው የብድር ዋስትና አለ። በስብሰባ መሃል «እሺ» ያልከው ዝውውር አለ። አንድ በአንድ ሲታዩ ደግ ሥራ ወይም ዕድገት ናቸው፤ ሳትነግራት ስታደርጋቸው ግን ሚስትህን በገዛ ቤቷ እንግዳ ያደርጓታል። ስለዚህ ሁለታችሁን የሚነካ ነገር ሲመጣብህ መልስህ አንድ ይሁን፤ «ቤት ተነጋግረን ነገ እነግርሃለሁ።» ሰው ሚስቱን ይፈራል ቢልህ ይበል። ደግሞም ወስኖ ማሳወቅን ከመጠየቅ አትቁጠረው። «ጅማ ተዛውሬያለሁ፤ ምን ይመስልሻል?» ማለት ጥያቄ አይደለም።

4. በክብሯ ቀን ከጎኗ ቁም

ቴስ ዝም ብላ የተፈጠረች ሴት አይደለችም። መነሻዋ ዶሮቲ ቶምፕሰን የምትባል እውነተኛ ጋዜጠኛ ናት። ቶምፕሰን ሂትለርን ሥልጣን ሳይዝ አነጋግራው ጽፋበታለች፤ ሥልጣን ከያዘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 ከጀርመን አባረሯት። ከ1936 ጀምሮ ኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ላይ ትጽፈው የነበረው ዓምድ በየግዛቱ ይነበብ ነበር፤ በ1939 ፎቶዋ የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ባሏም ተራ ሰው አልነበረም፤ ሲንክሌር ሉዊስ ነው፤ በ1930 በሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመ የመጀመሪያው አሜሪካዊ። ሲጋቡ በ1928 ትልቁ ስም የሱ ነበር። ከዚያ የሷ እየወጣ፣ የሱ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ መጠጡም ነበረበት። ሉዊስ ከሚስቱ ቢፋታ በክሱ ላይ የሂትለርን ስም አስገባለሁ እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል፤ ትዳሬን የቀማኝ እሱ ነው ለማለት። ፊልሙ በወጣበት በ1942 ተፋቱ።

ሆሊውድ ይህን የወጣና የወረደ ነገር አብዝቶ ይወደዋል። «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» የሚለውን ታሪክ በ1937፣ በ1954፣ በ1976 እና በ2018 አራት ጊዜ ሠርቶታል። በ1954ቱ ፊልም ውስጥ ጄምስ ሜሰን የቀድሞ ዝነኛ ተዋናይ ነው፤ ሚስቱ ጁዲ ጋርላንድ ገና እየወጣች ያለች ኮከብ። አንድ ቀን ዕቃ አድራሽ ለሚስቲቱ የመጣ ዕቃ ይዞ ይመጣና ባልየውን በሚስቱ የመድረክ ስም ይጠራዋል። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ለማስፈረም ነው የመጣው። የሰውየው ፊት ግን ሲረግፍ ታያለህ።

ላንተም ይህ ቀን ይመጣል። አንድ ግብዣ ላይ «የእገሊት ባል ነው» ብለው ያስተዋውቁሃል። «አዎ፣ ነኝ» በል፤ በሙሉ አፍህ በለው። እሷ «የኢንጂነሩ ሚስት» እየተባለች ስንት ግብዣ ተቀምጣለች? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉት አባቶች ባላዎቹ ቁመታቸው እኩል ይሁን አላሉም። ዘንድሮ የሷ ይረዝማል፣ ከርሞ ያንተ ይረዝም ይሆናል።

5. ዋጋዋን ስትናገር አትደንግጥ

ይህ ፊልም የተሠራው አንዲት ሴት ዋጋዋን ስላወቀች ነው። ሄፕበርን በ1938 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ገበያ የምታበላሽ ተዋናይ ናት ብሎ በማስታወቂያ ስሟን ካወጣቸው ኮከቦች አንዷ ነበረች። «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» በተባለው ቴአትርና በ1940 በወጣው ፊልሙ ተመልሳ ቆመች፤ የፊልሙን መብት ቀድማ በእጇ ስላደረገች ስቱዲዮው ያለሷ ሊሠራው አይችልም ነበር። ቀጥሎ የ«የዓመቷ ሴት» ጽሑፍ እጇ ገባ። የጻፉት ሪንግ ላርድነር ጁኒየርና ማይክል ኬኒን ገና ስም የሌላቸው ነበሩ። ሄፕበርን ማን እንደጻፈው ሳትናገር ጽሑፉን ለስቱዲዮው አለቃ ለሉዊስ ሜየር አቀረበችና 211 ሺህ ዶላር ጠየቀች፤ ለራሷ 100 ሺህ፣ ለጽሑፉ 100 ሺህ፣ 10 ሺው ለወኪሏ፣ አንዱ ሺህ ደግሞ ለስልክና ለወጪ። ከፈሏት።

ይህን የምነግርህ ሚስትህ «ደመወዜ ከሥራዬ ያንሳል፣ ልጠይቅ ነው» ያለችህ ቀን «ተይ፣ ያለሽን እንዳታጪ» እንዳትላት ነው። ስጋትህ ከፍቅር ነው፤ ግን አለቃዋ ዋጋዋን ከማራከሱ በፊት አንተ አራከስከው ማለት ነው። ይልቅ ወረቀትና እስክርቢቶ አምጣና የሠራችውን አብረሃት ዘርዝር።

6. አሸንፍ፤ አታዋርድ

ሄፕበርንና ትሬሲ በ1949 «አዳምስ ሪብ» በተባለ ፊልም እንደገና ባልና ሚስት ሆኑ፤ «የአዳም ጎድን» በለው። አዘጋጁ ጆርጅ ኪውከር ነው፤ የጻፉት ሩት ጎርደንና ጋርሰን ኬኒን ራሳቸው ባልና ሚስት ናቸው። አዳም ዐቃቤ ሕግ፣ አማንዳ ጠበቃ ናት። አንዲት ሚስት ባሏን ከሌላ ሴት ጋር አግኝታ በጥይት ታቆስለዋለች። አዳም ክሱን ይይዛል፤ አማንዳ ደግሞ «ወንድ ቢያደርገው ኖሮ ይታዘንለት ነበር» ብላ ለተከሳሿ ትቆማለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጨዋታ ነው። በችሎት መሃል አንዱ እርሳስ ይጥላል፣ ሌላውም ይጥላል፣ ሁለቱም ጎንበስ ይሉና በጠረጴዛው ሥር ይተያያሉ። ዳኛው የሚያየው ሁለት ተከራካሪ ነው፤ እነሱ የሚተያዩት እንደ ባልና ሚስት ነው። ሥራ ቦታ የምትገናኙ ከሆነ እንዲህ ያለች የእርሳስ መጣያ ጊዜ አትጥፋባችሁ።

ክፍተቱ የመጣው በክርክሩ አልነበረም። አማንዳ ሴት ከወንድ አታንስም ለማለት የሰርከስ ጉልበተኛ ሴት ወደ ችሎት አመጣችና አዳምን በሰው ፊት አንጠልጥላ እንድታነሳው አደረገች። ችሎቱ ሳቀ፤ ነጥቡም ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን አዳም የሚከራከረው ስለ ሕግ መሆኑ ቀረ፤ ስለ ፊቱ ሆነ። አማንዳ ጉዳዩን ረታች፤ ቤቷ ግን ሊያመልጣት ነበር። አዳምም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። አንድ ማታ ሚስቱን ጀርባዋን እያሸ እጁን ጠንከር አድርጎ ያሳርፍባታል፤ ቀልድ ነው ባይ ነው። እሷ ግን የቀልድና የቁጣ እጅ ለይታ ታውቃለች። በዚህ ላይ ቁጥር ያለው ምክር አያስፈልግም፤ እጅ አይነሳም፣ አለቀ።

አንተና ሚስትህ ችሎት አትገናኙም፤ ግን ዘመድ ፊት፣ ጓደኛ ፊት፣ የቡና ሰዓት ላይ ትከራከራላችሁ። ልክ ብትሆንም የሷን ስህተት ለሰው ሳቅ አታቅርበው። «ኦዲተሯ የቤቷን ሒሳብ አታውቅም» የምትል ቀልድ ጓደኞችህን ታስቃለች፤ እሷ ዘንድ ግን ለዓመታት ትቀመጣለች።

7. ኩሽናውን መቀጫ አታድርገው

አሁን ፊልሙ ከሽማግሎቻችን ብሶ ወደተገኘበት ቦታ ደረስን። ሳም ቤቱን ጥሎ ሄዷል። ቴስ አክስቷ አባቷን ሲያገቡ የቃል ኪዳኑን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ያህል ሰምታ ልቧ ተነክቷል። ሳም ተኝቶ ሳለ ቤቱ ትገባና ቁርስ ልትሠራለት ትሞክራለች። ቡናው ይገነፍላል። ዳቦው ከመጥበሻው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሊጡ ከመጋገሪያው እየነፋ፣ እየፈሰሰ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል፤ እሷ በማንኪያና በጨርቅ ልታስቆመው ትታገላለች። ይህች ሴት ቋንቋ በቋንቋ ላይ የምትናገር፣ ሚኒስትሮችን በስልክ የምታነጋግር ናት፤ እንግዲህ ቁርስ መሥራት አቅቷት ሲኒማ ቤቱ ይስቃል።

ይህ መጨረሻ መጀመሪያ የተጻፈው አይደለም። ፊልሙ ለሙከራ ከታየ በኋላ የስቱዲዮው ሰዎች ሴትየዋ ትንሽ ዝቅ ማለት አለባት ብለው ሌላ ጸሐፊ፣ ጆን ሊ ማሂንን፣ አምጥተው ያስጨመሩት ነው። ላርድነርና ኬኒን አልወደዱትም፤ ሄፕበርንም ሳትወደው ነው የሠራችው። አየህ፣ «አንዳችሁ ዝቅ በሉ» ብሎ ዞር ብሎ ሚስትን ማየት የኛ አገር ሽማግሌ ብቻ አይደለም የሚያውቀው።

ግን እዚያው ኩሽና ውስጥ ሳም የሚናገረው ነገር ከትዕይንቱ ይሻላል። ቴስ ሥራዬን ትቼ የቤት እመቤት እሆናለሁ ስትለው አያምናትም፤ አይፈልገውምም። የሱ ሚስት ብቻ እንድትሆን አይሻም፣ ቴስ ሃርዲንግ ብቻ ሆናም እንድትቀር አይሻም፤ ሁለቱንም ስም ይዘሽ ለምን አትኖሪም ይላታል። ታዲያ ይህን የሚያምን ሰው ተነስቶ ቡናውን ከእሳት ላይ ማውረድ ነበረበት።

ስለዚህ በናንተ ቤት ምግብ ማብሰል የዕርቅ ዋጋ፣ የጥፋት ካሳ አይሁን። ከተጣላችሁ በኋላ እሷ ጓዳ ገብታ ዶሮ በመሥራት ይቅርታ እንድትጠይቅ የምትጠብቅ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ዶሮ በበላችሁ ቁጥር ቅጣት ትበላላችሁ። ሽንኩርት መክተፍ ተማር። ሽሮ መሥራት ተማር። ሳይት ላይ ለራስህ የምታበስለውን ቤት ስትገባ የማታውቀው አትምሰል።

8. በታዋቂ ሰው ፍቅር ቤትህን አትለካ

ሰዎች ሄፕበርንና ትሬሲን የትዳር አርአያ አድርገው ያወራሉ። ዘጠኝ ፊልም አብረው ሠርተዋል፤ የመጨረሻውን ቀርጸው ከጨረሱ ጥቂት ቀናት በኋላ በሰኔ 1967 ትሬሲ አረፈ። ግን አልተጋቡም። ትሬሲ ከ1923 ጀምሮ ሉዊዝ የምትባል ሴት ባል ነበር፤ እስኪሞት አልፈታትም። በፊልሙ ላይ ያየኸው ጨዋታቸው እውነተኛ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የአማት ሕመም ግን በዚያ ጨዋታ ውስጥ አልነበረም። ስልክህ ላይ የምታያቸውን ሥራውም ትዳሩም የተሳካላቸው ጥንዶች በዚሁ ዓይን እያቸው።

9. ሁለታችሁ የሠራችሁት አንድ ነገር ይኑራችሁ

አዳምና አማንዳ የታረቁት በሽማግሌ አይደለም፤ በግብር ነው። ሊለያዩ ተቃርበው ሳለ የዓመቱን ግብር ለማሳወቅ ሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ አብረው መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ወጪ በወጪ ሲቆጠር ኮነቲከት ወዳለችው እርሻቸው ተደረሰ፤ ዕዳዋን ከፍለው የጨረሱባት፣ ደስታቸውንም በቤት ካሜራ የቀረጹባት ቦታ ናት። አዳም እንባ አቀረረ፤ አማንዳ ልቧ ራራና ይዛው ወደ እርሻው ሄደች። ኋላ ላይ እንባውን ሲፈልግ ማምጣት እንደሚችል ይነግራታል፤ ተንኮለኛ ነው። እርሻዋ ግን ተንኮል አልነበረችም፤ ሁለት ደመወዝ ገብቶባታል።

ፊልሙ ሲያልቅ አዳም ለዳኝነት በሪፐብሊካኖች ሊታጭ መሆኑን ይነግራታል፤ አማንዳ ወዲያው ዴሞክራቶቹ ሰው መርጠው እንደሆነ ትጠይቃለች። ማንም ሥራውን አልተወም፤ ምናልባት በምርጫም ይፎካከሩ ይሆናል። ከሰባት ዓመት በፊት ከተሠራው የኩሽና ትዕይንት ይህን መጨረሻ እመርጣለሁ።

ያንተ ደመወዝ ለኪራይ፣ የሷ ለአስቤዛ ብቻ ተብሎ አይከፈል። ትንሽም ብትሆን ሁለቱም የሚገቡባት አንድ ነገር ይኑራችሁ፤ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ይሁን፣ የእናትህን ቤት ጣሪያ ማደስ ይሁን፣ የጋራ ዕቁብ ይሁን። ደረሰኞቹን አብራችሁ አስቀምጡ። በተጣላችሁ ቀን ማን ስንት አወጣ ለማለት ሳይሆን፣ ምን አብረን ሠራን ለማለት ታወጧቸዋላችሁ።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጥህ። ለሚቀጥለው ሳይት ከመውጣትህ በፊት «የዓመቷ ሴት»ን ከሚስትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሳም ክሪስን ወደ ማሳደጊያው ሲመልሰው ፊልሙን አቁሙት። አንተ ለቴስ ጠበቃ ሁን፣ ሚስትህ ለሳም ጠበቃ ትሁን፤ ከልብ ተከራከሩ፤ ማንም ማንንም አያንጠልጥል። ሲበቃችሁ የሷን የሩብ ዓመት ፕሮግራምና ያንተን የሳይት ቀናት አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩና የምትዘጉትን ሰዓት ምረጡ። በክሪስ ጉዳይ እኔና አጎትህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እናንተ ከተስማማችሁ ደውሉና አስታርቁን።